አባቱን የሚበልጥ ጉልበት

ሥራ የጀመርኩበት ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ የወረደው ውርጭ ከጮቄ ተራራ እኔን ሊቀበል በእግሩ የመጣ ይመስል ነበር። የፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሞገስ ከቁልፉ ጋር አንድ ነጭ ፕላስቲክ ሰጡኝ፤ ሁለት ክንድ ያለው፣ መሃሉ ላይ እንደ ተማሪ ፕሮትራክተር ቁጥር የተጻፈበት። ጎኒዮሜትር ይባላል። አንዱን ክንድ በጭን፣ ሌላውን በቅልጥም ትይዩ አድርገህ ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ ታነብበታለህ።

«እዚህ ክፍል ሁለት ነገር መጥፋት የለበትም» አሉኝ። «በረዶና ትዕግሥት። በረዶው መብራት ሲሄድ ይጠፋል።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የአቶ ሞገስን ጥርስ ያየ ሰው የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነው ይባላል፤ እሱም በማደንዘዣ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮቼ ሁለት ሆነው ገቡ። ፊተኛው እስከ አፍንጫው ጋቢ ተከናንቦ፣ ከዘራ ተመርኩዞ፣ አንድ ከተራመደ በኋላ ስለሚቀጥለው የሚያስብ ሰው ነው። ኋለኛው እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ፣ ባርኔጣ ያጠለቀ። እኔም ጨዋ አሳዳጊ እንዳለኝ ለማሳየት ብድግ ብዬ ባለ ከዘራውን ደገፍኩ።

«ይግቡ አባቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ እዚህ ይቀመጡ» አልኩ። ወደ ኋለኛው ዞሬ ቆጣ አልኩበት። «አንተ ደግሞ አባትህን አትደግፍም?»

ቀጥ ያለው ሰውዬ ባርኔጣውን አወረደ። ራሱ ነጭ ነው። ከዚህ በኋላ እሳቸው ልበላቸው።

«ልጅ ስላልከኝ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «አባቱ ግን እኔ ነኝ።»

ባለ ከዘራው ጋቢውን ከፊቱ ገለጠ። ጢሙ የጠቆረ፣ ዓይኑ የሚስቅ፣ ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ ነበር። አበጀ ይባላል፤ አምበር ላይ ልብስ ሰፊ ነው።

«ተወው አባባ» አለ። «ለእኔ የጨመረውን ካንተ ቀንሶታል። ከቤታችን የወጣ ነገር የለም።»

አበጀ ሄሞፊሊያ አለበት። በእናት በኩል የሚተላለፍ የደም ሕመም ነው፤ ደምን የሚያረጋው ነገር ይጎድላል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሰው መርፌ ከወጋው ፈስሶ የሚያልቅ ይመስለዋል። እኔ ራሴ ልብስ ሰፊ ነኝ ሲለኝ ከወንበሩ ሥር ባልዲ ላስቀምጥ ነበር። ዋናው መዘዝ ግን ውስጥ ለውስጥ ነው። ጉልበት ውስጥ፣ ክርን ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት ውስጥ ይደማል። እዚያ የቀረው ደም በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለውን ለስላሳ ልባስ ቀስ በቀስ ይበላዋል። መገጣጠሚያው ከባለቤቱ ቀድሞ ያረጃል።

«እንግዲህ ደምህ አይረጋም ማለት ነው» አልኩት፤ ትምህርቴን ለማሳየት።

«እኔስ የረጋሁ ሰው ነኝ» አለኝ። «ደሜ ነው በእናቱ የወጣው።»

አቶ ሞገስ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። «የሰባ ዓመት ጉልበት» አሉ። ይህን ያሉት ለቀልድ አይደለም፤ በእኛ ሙያ እንዲህ ይባላል። ልባሱ ሳስቶ፣ አጥንቱ ጠርዙ ሸካራ ሆኖ ሲታይ ማለት ነው።

አበጀ ወደ አባቱ ዞረ። «አባባ፣ አንተ ስንት ነህ?»

«ስልሳ አልሞላኝም።»

«እንግዲያው ጉልበቴ ታላቅህ ነው። ተነሥና ወንበሩን ልቀቅለት።»

አባትየው ከወንበራቸው ተነሡ። የልጃቸውን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ወንበሩ ላይ አሳረፉት።

አበጀ እንዲህ ሆኖ ደንበኛዬ ሆነ። ሲደማ ጉልበቱ የክረምት ዱባ ያክላል። ያን ጊዜ ሥራው በረዶ፣ ፋሻና ዕረፍት ነው። እብጠቱ ሲጎድል እንቅስቃሴ እንጀምራለን፤ መጀመሪያ ጭኑን ማጠንከር፣ ቀጥሎ ማጠፍና መዘርጋት። የመጀመሪያው ትእዛዛችን «ወጌሻ እንዳይነካህ» የሚል ነው። የአምበር ወጌሻ በቅቤ ሲያሸው ደህናውም ጉልበት ተነሥቶ ይሸሻል፤ የሚደማ ጉልበትማ ከታሸ የበለጠ ይደማል።

ሁለተኛው ጠላታችን የስፌት መኪናው ነበር። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲረግጥ ቁርጭምጭሚቱ ያልቃል። «ሞተር ግጠምለት» አልኩት።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ስትሰፋ የነበረውን ትፈታለህ።»

ገጠመው። አምበር ላይ መብራት ሲሄድ ሱሪያቸው በአንድ እግሩ ብቻ የቀረ ሰዎች እኔን እንደሚረግሙኝ ደጋግሞ ነግሮኛል።

በየምርመራው ለካሁት። ለክቼ ስጨርስ ቁጥሩን ከመጻፌ በፊት በዓመት እተረጉምለታለሁ። «የግራ ጉልበትህ ሰባ፣ የቀኙ ስልሳ፣ ክርንህ አርባ አምስት፣ ምላስህ አሥራ ሁለት።»

«ደሜስ?»

«እሱ ገና ጡት አልጣለም። ሕፃን ስለሆነ አንድ ቦታ አይረጋም።»

እሱም ከአንገቱ ሜትሩን አውርዶ ወገቤን ይለካኛል። «አንተ ደግሞ ለሁለት የተቆረጠ ጨርቅ ነህ» ይለኛል።

አቶ ሞገስ ከጠረጴዛቸው ቀና ሳይሉ «ቁጥሩን ጻፍ፣ ተረቱን ተው» ይሉኛል። ተረት አይተውም። አበጀ ደግሞ ቀልድ አግኝቶ ቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው አይደለም። አምበር ገበያ ወጥቶ «ጉልበቴ አባቴን ይበልጣል፤ ማርቆስ ሆስፒታል በመሣሪያ ተለክቷል» ብሎ አወራ። ግማሹ ገበያተኛ በዕድሜ መሆኑ ገባው። ግማሹ ልጁ አባቱን ታግሎ የጣለ መስሎት ሽማግሌ ሊሰበስብ ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ እኔ የዕድሜ መለኪያ ያለኝ ሰው ሆንኩ። በገበያ ቀን ከአነደድ፣ ከመርጡለ ማርያም መንገድ ሳይቀር ሰው መጣ። አንዱ ጡረታ መውጫው ደርሶ እንደሆነ እንድለካለት ክርኑን ዘረጋልኝ። አንዲት ወይዘሮ ባሏን ጎትታ አመጣችውና «ሲያገባኝ ሠላሳ ነኝ ብሎኛል፤ አንገቱን ለካልኝ» አለችኝ። ባልየው ላቡ እስኪንጠባጠብ ደነገጠ።

አቶ ሞገስ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይህ ክፍል ማገገሚያ ነው ወይስ ጠንቋይ ቤት?»

«ማገገሚያ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ድቤውን አሳርፈው።»

ስለ ዕድሜ ስንቀልድ አበጀ ለምን እንዲያ እንደሚስቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን በረዶው ጉልበቱ ላይ እንዳለ ስለ አጎቶቹ ነገረኝ። እናቱ ሁለት ወንድሞች ነበሯቸው። አንዱ በግርዛቱ፣ ሌላው ጢም ሳያወጣ ጥርሱን ሲነቀል ደምተው ሞቱ። የሴት አያቱ ወንድምም እንዲሁ ነው የሆነው። ሰው «ቤታቸው መርገም አለበት» ይል ነበር።

«በእናቴ ወገን ሽበት ያየ ወንድ የለም» አለኝ። «አንተ ጉልበትህ ሰባ ዓመቱ ነው ስትለኝ፣ ቢያንስ አንዱ ዕቃዬ እዚያ ደረሰ እላለሁ።»

ከዓመታት በኋላ ፋክተር የሚባለው መድኃኒት ይመጣልን ጀመር። ደምን የሚያረጋውን የጎደለ ነገር በደም ሥር መስጠት ነው። አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ሲኖር ግን የአበጀ መድማት ቀነሰ። ፊቱ ላይ ሥጋ መጣ። ከዘራውን ረስቶ የሄደበት ቀን ነበረ፤ ከበሩ ሳይርቅ ጉልበቱ አስታውሶት ተመለሰ።

ሐኪሙ ግፊቱን ለክቶ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ያለው በዚያን ሰሞን ነው። አበጀ ዜናውን ይዞ ወደ እኛ ክፍል መጣ።

«ደም ግፊት የትልቅ ሰው በሽታ አይደል?»

«ብዙውን ጊዜ ነው» አሉ አቶ ሞገስ።

«እሰይ» አለ አበጀ።

አቶ ሞገስ አሁንም አልሳቁም። ጨው እንዲቀንስ በጥብቅ ነገሩት። ለሚደማ ሰው ግፊት ቀልድ አይደለም፤ ጭንቅላት ውስጥ ከደማ የሚያርፍበት ወንበር የለም። በኋላ ግን ለብቻችን ስንሆን «ከእንዲህ ዓይነቶቹ ግፊት እስኪይዘው የኖረ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ፤ ልጃቸው እንደተመረቀ ሰው ሆነው።

አስካል የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። የአምበር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። አበጀ የተማሪዎቿን ዩኒፎርም ይሰፋል። እሷ የልጆቹን ልክ ልታስይዝ ትመጣለች፤ እሱ ልክ ይሳሳታል፤ እሷ ትመለሳለች። አበጀ በሃያ ዓመት ውስጥ ልክ ተሳስቶ የማያውቅ ሰፊ ነው።

«ወደድኳት» አለኝ።

«የትኛው ዕቃህ ነው የወደዳት? የሰባ ዓመቱ ነው የአሥራ ሁለቱ?»

«ሁሉም ተስማምተዋል። ሽማግሌ ሁነኝ።»

ሽማግሌ የተባልነው ሦስት ነን፤ የአበጀ ነፍስ አባት፣ አቶ ሞገስና እኔ። አቶ ሞገስ በክብራቸው ተመረጡ። እኔ በአንደበቴ እንደተመረጥኩ አምናለሁ፤ አበጀ ግን «ሦስት መሙላት ስለነበረበት ነው» ይላል። የአስካል አባት አያ ቢተው ከአምበር ወጣ ብሎ ያለ መንደር ውስጥ ገበሬ ናቸው። ሙግት የሚወዱ፣ ምርቃት የማይጠግቡ፣ ሴት ልጃቸው አንድ ብቻ የሆነች።

አማችነት የሚጠይቅ ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። ነውር ነው። አበጀ ግን ቤቱ ቁጭ ማለት አቅቶት በሌላ ባጃጅ ተከትሎን መጣና ከአያ ቢተው አጥር ውጭ ቆመ። እኛ ገብተን መደብ ላይ ተቀምጠን፣ ነፍስ አባቱ መርቀው፣ ስለ አዝመራው ገና መጠያየቅ ስንጀምር ዝናቡ ሰማይ ምድሩን አንድ አደረገው።

አያ ቢተው በሩን ሊያስጠጉ ወጡ። ከአጥሩ ሥር ጋቢ የተከናነበ፣ ከዘራ የያዘ፣ ጎንበስ ያለ ሰው አዩ።

«ምን ዓይነቶቹ ናችሁ?» አሉን። «ወጣቶቹ ገብታችሁ ትልቁን ዝናብ ላይ ትተዉታላችሁ?»

እጁን ይዘው አስገቡት። አጎዛ አንጥፈው ከነፍስ አባቱ ጎን አስቀመጡት። አበጀ ወደ እኔ አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። እንዲያ ያለ ቆንጆ ጣሪያ አይቼ አላውቅም።

«ካህኑ መርቀውናል፤ እርስዎም ይጨምሩልን» አሉት አያ ቢተው።

እምቢ ማለት ራሱ ነውር ነው። አበጀ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ድምፁን አወፈረ። «ጎተራዎ አይጉደል፣ ዘርዎ ይብዛ፣ ከደጅዎ የቆመ ባዶ እጁን አይመለስ።»

«አሜን፣ አሜን» አሉ አያ ቢተው።

አቶ ሞገስ እንደ ወጉ ተነሥተው የመጣንበትን ተናገሩ። ልጁ አበጀ እንደሚባል፣ ሙያ እንዳለው፣ የጨዋ ልጅ መሆኑን። አያ ቢተው አገጫቸውን ይዘው አሰቡ።

«ልጁን በዓይኔ አላየሁትም። በጆሮዬ የሰማሁት ግን ደስ አላለኝም። ጉልበቱ አባቱን ይበልጣል፣ በመሣሪያ ተለክቷል ይላሉ። እኔ ልጄን ለሽማግሌ ነው የምድረው?» ወደ አበጀ ዞሩ። «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ አይዋሹም። ይህን ልጅ ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አለ አበጀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለደ። አንድም ቀን አልተለየሁትም።»

«እንዴት ያለ ነው?»

«ትንሽ ያነክሳል እንጂ ልጁ ደህና ነው።»

አስካል ጠላ ይዛ ስትገባ ይቺን ሰማች። ቀና ብላ መራቂውን አየች። ማሰሮው እጇ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የቀዳችው ጣሳ ሞልቶ አጎዛው ላይ ፈሰሰ። ሳቋን በነጠላዋ ልታፍን ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«አባባ» አለች፤ «እሱ እኮ ነው።»

«የቱ?»

«መራቂው።»

አያ ቢተው ቀርበው ጋቢውን ከፊቱ ገለጡት። አልጮሁም፤ ቤታቸው ውስጥ እንግዳ ላይ አይጮኽም።

«ጠላችሁን ጠጡ። ሲያባራ ትሄዳላችሁ» አሉ። «ሽማግሌ የላከ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ የመጣው ራሱ ሽማግሌው ነው።»

በመልሱ መንገድ አቶ ሞገስ ባጃጁ ውስጥ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በርዷቸው ነው ብዬ ጃኬቴን ልሰጥ ስል እየሳቁ ነበር። ወዲያው ግን ፊታቸውን መለሱ። «ዓመት እየቆጠርክ የሰጠኸው አንተ ነህ» አሉኝ። «አሁን ሰውየው ያንን ቆጥሮ ከለከለው።»

አበጀ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለ። ለምርመራ ሲመጣ ወገቤን አይለካም። ስለካው «ስንት ሆነ?» አይለኝም። የዝምታ መድኃኒት ማቀዝቀዣችን ውስጥ አልነበረም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አያ ቢተው ራሳቸው ጃንጥላ ይዘው ክፍላችን በር ላይ ቆሙ።

«የዕድሜ መለኪያ ያለህ አንተ ነህ?»

«መለኪያ አለኝ፤ ዕድሜ ግን አይለካም» አልኩ።

«ስትዋሽ አምበር ድረስ ይሰማል፤ እውነቱን ስትናገር ለምን ቀስ ትላለህ? ያን ልጅ ለክተህ ንገረኝ።»

«ያለ እሱ ፈቃድ የእሱን ነገር ለሰው አልናገርም። የሥራችን ሕግ ነው።»

«ፈቃዱን ይዤው መጥቻለሁ» አሉና ጃንጥላቸውን ወደ ኮሪደሩ ቀሰሩ። አበጀና አስካል አግዳሚው ላይ፣ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀምጠዋል። ሁለቱንም በአንድ ሚኒባስ ጭነው ነው ያመጧቸው።

«ይለካኝ» አለ አበጀ። «ሁሉንም ንገራቸው።»

አቶ ሞገስ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ጆሮዬ ሥር ቆሙ። «ዛሬ አንድ ዓመት ከአፍህ ቢወጣ ልብስ ማጠቢያው ሰው ይፈልጋል» አሉኝ።

አበጀ አልጋው ላይ ተኛ። ጎኒዮሜትሩን አስጠግቼ ለካሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩን ብቻ ተናገርኩ። «ግራ ጉልበቱ ዘጠና ዲግሪ ይታጠፋል። ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ትንሽ ይጎድለዋል። ቀኙ ይሻላል።»

«ያ የጠፋው ይመለሳል?» አሉ አያ ቢተው።

«የተበላው ልባስ አይመለስም። የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል። መድኃኒቱን ሲያገኝ፣ ጭኑን ሲያጠነክር።»

«ለልጆቹስ ይተላለፋል?»

«ወንድ ልጁ ከእሱ አይወርስም። ሴት ልጁ ግን ትሸከመዋለች፤ ከእሷ ወደ ልጆቿ ሊሄድ ይችላል። ስትወልድ ቀድሞ ማወቅና ወደ ሐኪም መምጣት ያስፈልጋል።»

አያ ቢተው ጃንጥላቸውን መሬት ላይ አስደገፉ። «እንግዲህ የመጣሁበትን ልጠይቅህ» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ይህ ልጅ ቶሎ የሚያረጅ ከሆነ ቶሎ ይሞታል ማለት ነው። ልጄ ጥቁር የምትለብሰው በስንት ዓመቷ ነው?»

ለዚህ የሚሆን ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። «አላውቅም» አልኩ። «ይህ ዕቃ ያንን አይለካም።»

አበጀ ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ። «አያ ቢተው፣ በእናቴ ወገን ያረጀ ወንድ የለም። ቶሎ ያረጃል ያሉዎት እውነት ነው። እኔ ግን ዘግይቶም ሆነ ቶሎ ለማርጀት ነው የምለፋው። ከሆነልኝ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።»

ከጎን ክፍል የልብስ ማጠቢያው ይሰማ ነበር።

አስካል ከበሩ ላይ ሆና «አባባ» አለች። «በጉልበት የሚጋባ የለም።»

አያ ቢተው ዘወር ብለው አዩዋት። በጉልበት ማለቷ በኃይል ይሁን በጉልበቱ ምክንያት ሲያገላብጡት በፊታቸው ላይ ይታያል። የቅኔ አገር ሰው ናቸው፤ ሰምና ወርቁ ሳይለይ አይንቀሳቀሱም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅድም ስንት ዲግሪ ነው ያልከኝ?»

«ዘጠና።»

«በግራው ብቻ?»

«በግራው ብቻ።»

«የእህቴ ልጅ ስንት ላም ተሸጦለት፣ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ያመጣው አንድ ዲግሪ ነው» አሉ። ጃንጥላቸውን አነሡና ወጡ። እሺም እምቢም አላሉም።

በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ መንደርተኛው መሃል ቆመው የተናገሩትን የነገረችን አስካል ናት። «ልጄን ለሽማግሌ ዳረ የምትሉ ስሙ» አሉ አሉ። «ሆስፒታል ድረስ ሄጄ አጣርቻለሁ። ሰውየው በአንድ እግሩ ብቻ ዘጠና ዲግሪ አለው።» መንደሩ አፉን ያዘ። አቶ ሞገስ ሰውየው የምር ተሳስተው እንዳይሆን ሰጉና ቢብራራላቸው ይሻላል አሉ።

«አባቴ ማዕዘን ያውቃል» አለች አስካል። «ወርዶ የሚመጣበት መሰላል ፈልጎ ነው። መሰላሉን አትውሰዱበት።»

አልወሰድንም።

ሠርጉ ሲቃረብ አበጀ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሙሽሮች ተንበርክከው የወላጆቻቸውን ጉልበት መሳም አለባቸው። ዘጠና ዲግሪ ለመንበርከክ አይበቃም። ሳምንታት ለፋን፤ ጭኑን አጠነከርን፣ በመደገፊያ ዘንጎቹ መካከል መራመድ አለማመድኩት፣ ጥቂት ዲግሪ ጨመርን። ከዚያ አልፎ አልሄደም። አቶ ሞገስ «ድንጋይ ላይ በጉልበቱ ቢወርድ ይደማል፤ አይንበረከክም» ብለው ቆረጡ።

«የሠርጌ ዕለት ቆሜ ላያቸው ነው?» አለ አበጀ። «ኮራብን ይላሉ። ሰዎቹን ያገኘኋቸው በስንት መከራ ነው?»

የሠርጉ ቀን ድንኳኑ ውስጥ የኔ ልብ ከሙሽራው ልብ በላይ ይመታ ነበር፤ ከድቤው ጋር ሰው ግራ ተጋብቶ በእኔ ልብ የጨፈረ አለ። አስካል ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ተራው የአበጀ ሆነ። ከዘራውን ለሚዜው ሰጥቶ፣ ግራ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ሊወርድ ሲጀምር ተንገዳገደ። አቶ ሞገስ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

አያ ቢተው እጃቸውን አነሡ። «ቁም» አሉት።

ቆመ። አያ ቢተው የተቀመጡበትን አግዳሚ ዞረው አዩት፣ በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው ሞከሩት። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ የሚዜውን ትከሻ ይዘው አግዳሚው ላይ ወጡ። ከነካባቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉልበታቸው ከአበጀ ወገብ ትንሽ ከፍ አለ።

«አሁን ሳም» አሉት።

አበጀ ጉልበቱን ሳያጥፍ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሳመ። አንዱን ሳመ፣ ሌላውን ሳመ። አያ ቢተው ከላይ ሆነው ራሱ ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ ምን ብለው እንደመረቁት እልልታው ስለበዛ አልሰማሁም።

አበጀ ዛሬ አርባዎቹን እየገፋ ነው። ባለፈው ሰሞን መጥቶ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል፣ መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም አለኝ። ጢሙ ላይም ሁለት ነጭ ፀጉር አሳየኝ፤ ሰው እንዲያያቸው ብሎ ሳይላጭ ነው የመጣው። ለካሁት። ግራ ጉልበቱ ለሠርጉ የጨመርናትን መልሶ ዘጠናው ላይ ነው ያለው።

ክፍላችን አዲስ ለሚገቡ ልጆች ጎኒዮሜትሩን የምሰጠው አሁን እኔ ነኝ። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ቁጥር ስትናገሩ የምኑ ቁጥር እንደሆነ አብራችሁ ተናገሩ፤ የለካችሁት ጉልበቱን ነው፣ ሰውየውን አይደለም።